የድጋፍ አገልግሎታችሁ ለግል ድርጅት ሲሰጥ፦ ሁለቱንም ያየ ተማሪ የሚነግራችሁ

ይህን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲያችሁ የአካል ጉዳተኞች ድጋፉን ለግል ድርጅት ሊሰጥ ነው ሲባል ለሰማችሁ ተማሪዎች ነው። ወይም ደግሞ ቀድሞ ተሰጥቶ፣ "ድርጅቱን ጠይቅ"፣ "ዩኒቨርሲቲውን ጠይቅ" እየተባላችሁ መሃል ላይ ለቆማችሁ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስገባ ድጋፉን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነበር። መሃል ላይ ጨረታ ወጣ፣ ያሸነፈው ድርጅት ሥራውን ተረከበ፣ የቀረውን ትምህርቴን በድርጅቱ ሥር ጨረስኩ። ሁለቱንም ከውስጥ አውቃቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ድርጅቱ የሚረከበው ሥራውን ነው። ግዴታው ከዩኒቨርሲቲው ትከሻ አይወርድም። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምትሰሙት "ይሄ እኛን አይመለከትም" የሚል መልስ ስለሆነ፣ ይህን አጥብቃችሁ ካልያዛችሁ ሌላው ምክር ብዙም አይጠቅማችሁም።

የድሮውን ነገር አላሳምረውም። ቢሮው ጠባብ ነበር። ስካነሩ አንድ ነው፣ እሱ ሲበላሽ ሁላችንም እንቆማለን። በጀት ሲያልቅ አንባቢ የሚባል የለም፣ ጓደኛ መለመን ነው። ግን እዚያ የሚሠሩት ሰውዬ እያንዳንዳችንን ያውቁን ነበር። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የትኛው መምህር ስላይድ ቀድሞ እንደሚልክ፣ የትኛው ደግሞ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ "ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ይሄን ይሰጠናል" ብሎ እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ሴሚስተሩ ሳይጀምር እንዲህ ያለውን መምህር ሄደው ያነጋግሩታል፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይለምኑታል። ለእኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ የሰማሁት ከመምህሩ ነው። ይህ ሥራ ግን በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ላይ አልተጻፈም። ጨረታ ሲወጣ ማንም አልቆጠረውም። ስላልተቆጠረ አልተገዛም።

ዩኒቨርሲቲዎች ለምን ለድርጅት እንደሚሰጡ ይገባኛል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን በቋሚነት ቀጥሮ ማቆየት ከባድ ነው። አንድ ዓመት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በርከት ብለው ይገባሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ላይገባ ይችላል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ጸሐፊና አንባቢ ባንዴ በብዛት ይፈለጋል፣ ፈተናው ሲያልቅ ሥራ የለም። ድርጅት ከብዙ ቦታ ሰው አሰባስቦ ያንን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። ነገሩም የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የጀመረው አይደለም። በእንግሊዝ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ አለ። ተማሪው ምን እንደሚያስፈልገው የመመዘኑን፣ መሣሪያ የማቅረቡንና አጠቃቀሙን የማሠልጠኑን ሥራ ድሮ ብዙ የተለያዩ ማዕከላትና አቅራቢዎች ይሠሩት ነበር። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ግን ሁሉም ተጠቃሎ ለሁለት ድርጅቶች በውል ተሰጥቷል። ስለዚህ ድርጅት መግባቱ ብቻውን አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ዩኒቨርሲቲው ውሉን ፈርሞ ጉዳዩን የሚያውቀውን ሰው ሲያሰናብት ነው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ጥሩ ሠራ አልሠራ ብሎ የሚፈትሽ የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አይኖርም።

እኛ ጋ መጀመሪያ የተለወጠው ምዘናው ነው። ፋይላችንን ተረክበውም ሁላችንም እንደ አዲስ እንመዘን ተባለ። ምዘናው በስልክ ነው። የደወለችልኝ ልጅ ትሑት ነች፣ ፊቷ ያለውን ቅጽ እያነበበች ትጠይቃለች። "ብሬል ያነባሉ? ስክሪን ሪደር ይጠቀማሉ? በሳምንት ስንት ሰዓት ማስታወሻ የሚይዝልዎት ሰው ይፈልጋሉ?" (ስክሪን ሪደር ማለት ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው።) እኔ ከምንም በላይ የምፈልገው ግራፍ የሚያብራራልኝ ሰው ነበር። ኢኮኖሚክስ ያለ ግራፍ የለም። የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮች የት ላይ እንደሚገናኙ፣ ታክስ ሲጨመር የትኛው ወደየት እንደሚሸሽ ካልተነገረኝ ክፍል ውስጥ መቀመጤ ትርጉም የለውም። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ቅጹ ላይ እንደዚህ የሚል ቦታ የለም፣ 'ሌላ' የሚለው ላይ ልጻፈው?" አለችኝ። ጻፈችው። "ሌላ" የሚለው ላይ የሰፈረ ነገር ግን ዋጋ አልወጣለትም፣ ዋጋ ላልወጣለት ነገር ደግሞ ሰው አይመደብም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ግራፍ የሚያብራራልኝ ሰው አልመጣም።

ለዚህ ነው ቅጹ ሳይመጣ የራሳችሁን ጽሑፍ አዘጋጁ የምላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። የጉዳታችሁን ስም መጻፉ ብቻ ብዙ አይረዳም፣ የሚረዳው ክፍል ውስጥ የሚሆነውን መጻፍ ነው፤ በዚህ ኮርስ መምህሩ እንዲህ እያደረገ ያስተምራል፣ እኔ በዚህ ምክንያት ያመልጠኛል፣ እንዲህ ቢደረግልኝ ግን እከታተላለሁ። በየኮርሱ እንዲህ አድርጉ። በኢሜይል ልካችሁ ከምዘናው ጋር ይያያዝልኝ በሉ። ሲጨርሱ የምዘናውን ሪፖርት ጠይቁ፣ አንብቡት፣ የጎደለውን በጽሑፍ መልሱ። ሳታነቡት ተስማምቻለሁ እንዳትሉ፣ አንዴ ከተስማማችሁ በኋላ ለውጥ መጠየቅ ማለት እንደገና ወረፋ መያዝ ነው።

መጽሐፍ ማዘጋጀት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማየት የተሳናችሁ ሁሉ ይደርስባችኋል ብዬ ስለማስብ። ለማይክሮኢኮኖሚክስ የታዘዘውን መጽሐፍ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ጠየቅኩ። ቲኬት፣ ማለትም የጥያቄ መዝገብ፣ ተከፈተ፣ ቁጥር ተሰጠኝ። ሚድ ሊደርስ ሲል "ጥያቄዎ ተጠናቋል" የሚል ኢሜይል መጣ። ደስ ብሎኝ ፋይሉን ከፈትኩት፣ ስክሪን ሪደሩ ባዶ ነው አለኝ። ወደሚቀጥለው ገጽ ሄድኩ፣ ባዶ። ወደ ምዕራፍ ሁለት ዘለልኩ፣ እሱም ባዶ። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ተደርጓል እንጂ ውስጡ አንድም ፊደል የለም። ለሚያይ ሰው ጥርት ያለ መጽሐፍ ነው፣ ያዘጋጀውም ሰው ከፍቶ አይቶት ደህና ነው ብሎ ልኮታል። ቅሬታ ስጽፍ የመጀመሪያው ስለተዘጋ አዲስ ቲኬት ክፈት ተባልኩ። ለዩኒቨርሲቲው በሚቀርበው ሪፖርት ላይ ያ ቲኬት የተጠናቀቀ ተብሎ ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ፋይል በኦሲአር፣ ፎቶ ላይ ያሉ ፊደላትን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም፣ አልፎ መጣ። ጽሑፍ አለው፣ ግን ቀመሮቹ ተበላሽተዋል። ከላይ በትንሹ የተጻፈችው የካሬ ምልክት 2 ወርዳ ከጎኗ ካለው ቁጥር ጋር ተለጥፋለች፣ የክፍልፋይ መስመሮች ጠፍተዋል። ይሄኛው ከባዶው ይብሳል፤ ባዶው ቢያንስ ባዶ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ይሄ ግን የተሳሳተ ቀመር ያስሸመድዳል።

ስለዚህ "በሚነበብ ቅርጽ ላኩልኝ" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። እኔ በኋላ የምጽፈው ይህንን ነበር፦ ርእሶቹ በስታይል የተለዩበት የወርድ ፋይል ወይም ኢፐብ 3 (የዲጂታል መጽሐፍ ቅርጽ ነው)፣ ቀመሮቹ በላቴክ ወይም በማትኤምኤል (ሁለቱም ቀመር በኮምፒውተር የሚጻፍባቸው መንገዶች ናቸው)፣ ለእያንዳንዱ ምስልና ግራፍ የቃላት መግለጫ፣ የገጽ ቁጥሩም ከታተመው መጽሐፍ ጋር አንድ የሆነ። የገጽ ቁጥሩን አትናቁት፣ መምህሩ "ገጽ 112 ላይ ያለውን ሥሩ" ሲል እናንተ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው የምትገኙት። ላቴክ ቀመሩን በተራ ፊደላት ስለሚጽፈው ማንኛውም ስክሪን ሪደር ያነበዋል። ማትኤምኤል ከሆነ ደግሞ ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ላይ ማትካት የሚባለውን የቀመር ማንበቢያ ተጠቀሙ፣ ቀመሩን እየከፋፈለ ያነብላችኋል። ከሙሉ መጽሐፉ በፊት አንድ ምዕራፍ ለናሙና እንዲልኩላችሁም ጠይቁ። ናሙናው ከተበላሸ በጊዜ ታውቃላችሁ።

"የቅጂ መብት አይፈቅድልንም" የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ የማራካሽ ስምምነት የሚባል አለ። የጸደቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2016። ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች፣ ማየት ለተሳናቸውና በሌላ ጉዳት ምክንያት የታተመ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን የባለመብቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ በሚነበብ ቅርጽ ማዘጋጀት ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስምምነቱ ይህን ሥራ የሚሰጠው ለትርፍ ሳይሆን ለአገልግሎት ለሚሠሩ ተቋማት ነው፣ የመንግሥት ተቋማትና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ማለት ነው። ስለዚህ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት አልችልም ቢላችሁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። መልሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መሄድ ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፣ መጽሐፍ የማዘጋጀቱ ሥራ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሶ ድርጅቱ ማስታወሻና ፈተና ላይ ብቻ ቀረ። እስከ ዛሬም ትክክለኛው አከፋፈል እሱ ይመስለኛል።

ማስታወሻ ስለሚይዙት ልጆች። መጀመሪያ የተመደበችልኝ ልጅ ጎበዝ ነበረች። መምህሩ ግራፍ ሲስል በራሷ ተነሳሽነት በጆሮዬ ታብራራልኝ ነበር፣ ያ "ሌላ" ላይ የቀረውን ማለት ነው፣ ማንም ሳይከፍላት። ጥቂት ቆይታ "ወንድሜ፣ እኔ መቆየቴን እንጃ" አለችኝ። በአንዱ ክፍልና በሚቀጥለው መሃል ያለው ሰዓት አይከፈላትም፣ መምህሩ ከቀረም አይከፈላትም። የተሻለ ስታገኝ ሄደች፣ አልፈርድባትም። ከእሷ በኋላ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ሆነ። አንዱ የጻፈልኝን ሳነበው "ላስቲክ" የሚል ቃል ደጋግሞ መጣብኝ፣ ለካ ኢላስቲሲቲ የሚለውን የኢኮኖሚክስ ቃል ነው እንደዚያ የሰማው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ኢኮኖሚክስ ተምሮ አያውቅም፣ የላኩትም ይህን ሳይጠይቁት ነው።

በዚያ ላይ የሰዓቱ ነገር አለ። ክፍል የሚሰረዝ ከሆነ አንድ ቀን አስቀድማችሁ ካላሳወቃችሁ ሰዓቱ ከእናንተ ይቆረጣል። መምህሩ ጠዋት ተነሥቶ "ዛሬ ክፍል የለም" ካለ ግን እንዴት ብዬ አስቀድሜ አሳውቃለሁ? ከእኔ ተቆረጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ ለሴሚስተሩ የተፈቀደልኝ ሰዓት ፋይናል ሳይደርስ አለቀ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የጓደኞቼን ደብተር እያስነበብኩ ነው ያለፍኩት። ይህን ለማስቀረት ቀላል ዘዴ አለ። የራሳችሁን መዝገብ ያዙ፦ ቀኑ፣ ኮርሱ፣ ሰው መጣ ወይስ አልመጣም፣ ካልመጣ በማን ምክንያት። ስልካችሁ ላይ አንድ መስመር ይበቃል። የእነሱ ሪፖርትና የእናንተ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ክርክሩ ያጥራል። ሁለት ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ጠይቁ፤ አንደኛው በአንድ ኮርስ እስከ መጨረሻው አንድ ሰው እንዲመደብ፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው የሰረዘው ክፍል ከተማሪው ሰዓት እንዳይቆረጥ።

ከሁሉ የከበደኝ ፈተናው ነው። የስታቲስቲክስ ፋይናል ነበር። እኔ መልሱን እናገራለሁ፣ የተመደበልኝ ጸሐፊ ይጽፋል፣ ተጨማሪ ሰዓትም ተፈቅዶልኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ "ሲግማ" (የድምር ምልክቱን) ስል ብዕሩ ቆመ። "እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለኝ። ቅርጹን ከፍ ባለ መስመር ከተሠራ ሥዕል በጣቴ ስለማውቀው ነገርኩት፤ ከላይ አግድም መስመር፣ ከሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ የሚመለስ፣ ከታች ሌላ አግድም። ሳለው። ከዚያ ከሲግማው በታችና በላይ ምን እንደሚገባ፣ ከዚያ ኤክስ ላይ የምትቀመጠው መስመር፣ ከዚያ የካሬ ሥር ምልክት። እያንዳንዱን ምልክት በቃል እየሳልኩለት ሰዓቱ ይሄዳል። ልጁ ተጨንቋል፣ እጁ ወረቀቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፣ "ይቅርታ" ይለኛል በየመሃሉ። ተጨማሪ ሰዓት የተሰጠኝ እንዳስብበት ነበር፣ ያለቀው ግን ፊደል በማስተማር ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳልነካው ጊዜው አበቃ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ያደረግኩት አንድ ነገር ግን አዳነኝ። ከመውጣቴ በፊት ተቆጣጣሪዋን ጠርቼ የሆነውን በፈተናው መዝገብ ላይ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት። ጸሐፊው ምልክቶቹን እንደማያውቅ፣ በዚህ የተነሳ የመጨረሻው ጥያቄ ሳይሠራ እንደቀረ። ጻፈች፣ አነበበችልኝ፣ እሷም ልጁም ፈረሙ። በኋላ ድርጅቱ ጸሐፊ መመደቡን ጠቅሶ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ሲል ያቺ ወረቀት ነበረች። ዲፓርትመንቱ በድጋሚ እንድፈተን ፈቀደልኝ፣ ጸሐፊዬም የዚያው ዲፓርትመንት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆነ። ያንን ፈተና በደንብ አለፍኩት። ስለዚህ ፈተና ላይ የሆነ ነገር ቢፈጠር ቤት ገብታችሁ ኢሜይል እስክትጽፉ አትጠብቁ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይመዝገብ። ከፈተናው በፊት ደግሞ ከጸሐፊው ጋር መለማመጃ ጊዜ ጠይቁ። ምልክቶቹን ያውቅ አያውቅ እንደሆነ በአጭር ጊዜ ታውቃላችሁ።

ለብቻዬ ስጮህ የማገኘው መልስ ሁልጊዜ "ጉዳይዎን እያየነው ነው" የሚል ነበር። ነገሩ የተለወጠው አንድ ላይ ስንሆን ነው። መስማት የተሳናት ልጅ አለች፣ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሌክቸር ላይ አንድ አስተርጓሚ ብቻ ነው የሚላክላት። በምልክት ቋንቋ ያለ እረፍት ለረጅም ጊዜ ማስተርጎም ስለሚያደክም ረዘም ላለ ክፍል ሁለት ሰው ሆኖ መፈራረቅ የሙያው የተለመደ አሠራር ነው፤ በአንድ ሰው ሲሆን በሁለተኛው ሰዓት ላይ ግማሹ ያመልጣታል። በዊልቸር የሚሄድ ልጅ አለ፣ ረዳቱ የሚመጣው በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ክፍሉ ከተቀየረ ይቀራል። ጉዳቷ ከውጭ የማይታይ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅም ነበረች። እሷ በየጊዜው ለሚቀያየር ሰው ሕመሟን ከመጀመሪያ መተረኩ ሰልችቷት አገልግሎቱን ትታው ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ድርጅቱ ዘንድ ይህ እንደ ቅሬታ አይቆጠርም፣ ተማሪዋ አልፈልግም ብላለች ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

ደብዳቤውን የጻፍነው ለዩኒቨርሲቲው ነው፣ ለድርጅቱ ግልባጭ ብቻ አደረግን። ይህ አቅጣጫ አስፈላጊ ነው። የተደገፍነውም በተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ላይ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው። አገራችሁ ተቀብላው ከሆነ እነዚህን አንቀጾች ያዙ። አንቀጽ 24 ንኡስ 5 ከፍተኛ ትምህርት ያለ አድልዎ እንዲሰጥና ተመጣጣኝ ማመቻቸት (አካል ጉዳተኛው ከሌሎች እኩል እንዲማር የሚደረግ አስፈላጊ ማስተካከያ) እንዲደረግ ይላል። አንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ከሁሉም በላይ ለእኛ የጠቀመን አንቀጽ 4 ነው፤ መንግሥታት በግል ድርጅቶች የሚፈጸምን አድልዎ ጭምር የማስወገድ ግዴታ አለባቸው፣ አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ውሳኔ ላይም ራሳቸውን አካል ጉዳተኞቹን ማማከርና ማሳተፍ አለባቸው። "ለድርጅት ሰጥተነዋል" የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይቆማል። የአገራችሁ ሕግና የዩኒቨርሲቲያችሁ ደንብ ምን እንደሚል ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

የጠየቅነው ብዙ አልነበረም። ውሉን የሚከታተል፣ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይኑር። ውሉ ውስጥ ድርጅቱ ምን ለማድረግ እንደተስማማ ይነገረን። ዋጋው የንግድ ሚስጥር ነው ቢሉ ግድ የለም፤ ጥያቄ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ የሚመደበው ሰው ምን ዓይነት ችሎታ እንደሚጠበቅበት፣ ሰው ሲቀር ምን እንደሚደረግ ግን ሚስጥር ሊሆን አይገባም። ቲኬት የሚዘጋው ተማሪው "ደርሶኛል፣ ይሠራል" ሲል ብቻ ይሁን። ይህቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፣ ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ለውጥ ያመጣችው እሷ ናት።

ስለ ሕክምና ማስረጃችሁም ጠይቁ። ማን ዘንድ ነው የተቀመጠው፣ ማን ያየዋል፣ ውሉ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ማስታወሻ ለሚይዘው ሰው የሚያስፈልገው ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ብቻ ነው፣ የሕመማችሁን ስም ማወቅ አያስፈልገውም። ፈቃድ የምትሰጡበትን ቅጽ ስትፈርሙ ይህን ለይታችሁ ጻፉ።

መሣሪያና ሶፍትዌርም እንዲሁ። ድርጅቱ ላፕቶፕና የተከፈለበት ስክሪን ሪደር ሰጥቶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ከድሮው ቢሮ በተሻለ ፍጥነት ነው የደረሰኝ፣ ያሠለጠነኝም ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ በድርጅቱ ስም ነው። ውል ሲለወጥ ወይም ስትመረቁ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ኤንቪዲኤን ጎን ለጎን ልመዱት። ነጻ ነው፣ ሥራውን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴህ ናቸው። የተዘጋጁላችሁን መጻሕፍትና ማስታወሻዎችም በድርጅቱ ፖርታል ላይ ብቻ አትተዉ፣ ለራሳችሁ ቅጂ አስቀምጡ። የፖርታሉ በር የተዘጋባቸው ልጆች አውቃለሁ።

"እናንተ ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ምን ታውቃላችሁ" የሚላችሁ ሰው ካለ የበርክሌይን ታሪክ ንገሩት። ኤድ ሮበርትስ በ1962 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሲገባ በፖሊዮ ምክንያት አብዛኛው ሰውነቱ አይንቀሳቀስም፣ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ብዙ መቆየት አይችልም፣ ዶርም ስለማይመቸው ያደረው በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። እሱን ተከትለው ሌሎችም ገቡ። በ1970 አካባቢ እነዚሁ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የድጋፍ ፕሮግራም ግቢው ውስጥ አቋቋሙ። ረዳት የሚያፈላልጉት፣ ዊልቸር የሚያስጠግኑት፣ ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምናውቀው የድጋፍ ቢሮ ከዚያ ብዙ ተምሯል። አገልግሎቱን ማን ያቅርበው የሚለው ሊለያይ ይችላል፣ ምን እንደሚቀርብ ሲወሰን ግን እኛ እዚያ መኖር አለብን።

ስለዚህ አሁን ልታውቁት የሚገባው ትልቁ ነገር ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ነው። ውል መሃል ላይ ሆኖ ለውጥ ማምጣት ከባድ ነው፣ ሁሉም "ውሉ ውስጥ የለም" ይላችኋል። ሊታደስ ወይም አዲስ ጨረታ ሊወጣ ሲል ግን የጨረታ ሰነዱ ገና እየተጻፈ ነው፣ በሩ የሚከፈተው ያኔ ነው። ቀኑን ከግዥ ክፍሉ ጠይቁ። ሰነዱ ሳይወጣ ብዙ ወራት ቀድማችሁ የተማሪዎች ተወካይ ኮሚቴው ውስጥ እንዲገባ አመልክቱ።

እኛ ጋ እድሳቱ ሲደርስ ሁለት ተማሪዎች ገቡ። ለአንድ ኮርስ አንድ ሰው የሚለው ገባ። የፈተና ጸሐፊ ኮርሱን ወይም ተቀራራቢውን የተማረ ይሁን የሚለው ገባ። ረዘም ላለ ሌክቸር ሁለት አስተርጓሚ የሚለውም ገባ። ግራፍ ማብራራት ራሱን የቻለ አገልግሎት ተብሎ ዋጋ ወጣለት፣ "ሌላ" ከሚለው ወጣ። በክፍሎች መሃል ላለው ሰዓት ለሠራተኞቹ ይከፈል ያልነውን አልተቀበሉንም፣ በዚህ የተነሳ ጎበዝ ጎበዞቹ አሁንም እየሄዱ ነው። ድርጅቱ ሲያዘገይ የሚጣልበት ቅጣትም ላልቷል፣ ብዙም አይነካውም። የሚቀጥለው እድሳት ላይ እነዚህን ሁለቱን የሚይዙት ከእኔ በኋላ የገቡት ልጆች ናቸው፤ መዝገባችንን፣ ደብዳቤዎቹንና የፈተና ወረቀቱን ቅጂ ሰጥቻቸዋለሁ።